አዲሱ የሲኤስኤስ ፋይል ለድሮ ደንበኛም እንዲደርስ፦ ካሽን ሳያጠፉ የድረ ገጽን መልክ የማደስ መመሪያ

ከታኅሣሥ ገብርኤል አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የሠራሁትን ድረ ገጽ መልኩን አደስሁት። የክፍል ማስያዣው ቁልፍ ቀለሙና መጠኑ ተለወጠ፤ የዋጋ ሰንጠረዡም ከስልክ ስክሪን ጠርዝ እንዳያልፍ ተደርጎ ተስተካከለ። በላፕቶፔ አይቼ ሥራው ማለቁን ለባለቤቱ ነገርኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ደወሉና፣ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ያሉት ደንበኞቼ ገጹ ተበላሽቷል ይሉኛል፤ በእኔም ስልክ ማስያዣው ጠፍቷል» አሉኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ልጅ ግን ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ በስልኳ ስትከፍተው አንዳችም ጉድለት አላየችበትም።

ነገሩን የገለጠልኝ ይህ ልዩነት ነው። ገጹ የተበላሸባቸው ከዚህ በፊት የጎበኙት፣ ማለትም ቋሚዎቹ ደንበኞች ነበሩ፤ አዲስ ለመጣ ሰው ሁሉ ትክክል ነበር። የደንበኞቹ ብራውዘር ቀድሞ ያወረደውን የሲኤስኤስ ፋይል፣ ማለትም የገጹን ቀለም፣ መጠንና አቀማመጥ የሚወስነውን ፋይል፣ በካሹ (የወረዱ ፋይሎችን ዳግም ለመጠቀም በሚያስቀምጥበት ማከማቻ) ይዞ ስለቆየ፣ ጽሑፉንና ክፍሎቹን የያዘውን አዲሱን የኤችቲኤምኤል ገጽ ከአሮጌው ሲኤስኤስ ጋር እያዳበለ ያሳያቸው ነበር። እኔ ደግሞ የማስያዣውን ቁልፍ የክላስ ስም (ሲኤስኤሱ ቁልፉን የሚለይበትን ስም) በሁለቱም ፋይሎች ላይ ለውጬው ስለነበር፣ አሮጌው ሲኤስኤስ ለአዲሱ ስም የሚሆን አንድም ሕግ አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ቁልፉ ከሥሩ የተሰመረበት ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከአንቀጾቹ መካከል ተሰወረ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ነገር ያማረው፣ ሥራ ላይ ሳለሁ የብራውዘሩን ካሽ አጥፍቼ የምሠራ በመሆኔ ብቻ ነበር።

ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ የሚደረገውን ነው። የትእዛዝና የፋይል ስሞችን እንደ ንባባቸው በአማርኛ ፊደል አስፍሬአቸዋለሁ፤ በኮድ ውስጥ ግን በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው መግባት እንዳለባቸው ሠሪው ያውቃል።

ብራውዘሩ አሮጌውን ፋይል የሚይዝበት ምክንያት

ብራውዘር አንድን ፋይል የሚያውቀው በአድራሻው ነው። ስታይል.ሲኤስኤስ የሚባለውን ፋይል አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ፣ በሌላ ገጽ ላይ ያንኑ አድራሻ ሲያገኝ ይዘቱ ተለውጦ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። ፋይሉን ለምን ያህል ጊዜ ሳይጠይቅ መጠቀም እንደሚችል የሚነግረው ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው፤ የሚነግረውም ከፋይሉ ጋር በሚልከውና ካሽ-ኮንትሮል በሚባለው ሄደር (አጭር የመመሪያ መስመር) አማካይነት ነው። በዚህ ሄደር ውስጥ ማክስ-ኤጅ የሚለው ቁጥር የሚቆጠረው በሰከንድ ሲሆን፣ 86400 አንድ ቀን፣ 604800 አንድ ሳምንት፣ 31536000 ደግሞ አንድ ዓመት ማለት ነው። በእንግዳ ማረፊያው ሰርቨር ላይ የነበረው ቁጥር 2592000፣ ማለትም 30 ቀን ነበር። እኔ ምንም ባላደርግ ኖሮ፣ በኅዳር መጨረሻ ገጹን የጎበኘ ሰው አዲሱን መልክ የሚያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነበር ማለት ነው።

ጊዜው ሲያልፍ ብራውዘሩ ፋይሉን ወዲያው አይጥለውም። ሰርቨሩ ቀድሞ ኢታግ ወይም ላስት-ሞዲፋይድ የሚባል መለያ ሰጥቶት ከነበረ፣ ያንን መለያ አያይዞ «ይህ የያዝሁት ፋይል ተለውጧልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተለወጠ ሰርቨሩ ፋይሉን ደግሞ ሳይልክ 304 የሚል አጭር መልስ ብቻ ይሰጠዋል። ይህ ጥያቄና መልስ ጥቂት ባይት ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ ከዳታ አንጻር ርካሽ ነው፤ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ በሆነ ጊዜ ግን ምላሹ እስኪመለስ ድረስ ገጹ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ሰርቨሩ ስለ ጊዜ ምንም ሳይናገር ሲቀር የሚሆነውን ነው። ሄደር ካላስቀመጥሁ ካሽ አይኖርም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውና አርኤፍሲ 9111 የሚባለው የኤችቲቲፒ ካሽ ደንብ፣ ግልጽ መመሪያ በሌለበት ጊዜ ብራውዘሩ በራሱ ግምት እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ የተለመደው ግምትም ፋይሉ መጨረሻ ከተለወጠ ወዲህ ካለፈው ጊዜ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ለ200 ቀናት ሳይነካ የቆየ ሲኤስኤስ፣ ማንም ሳያዘው ለ20 ቀናት እንደ ትኩስ ሊቆጠር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የኖረ ድረ ገጽ ሲታደስ ችግሩ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ መመርመር

ማንኛውንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ሰርቨሩ ምን እያለ እንደሆነ ይመልከቱ። በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ኤፍ12ን ተጭነው ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ ካሽን የሚያጠፋው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ምልክቱን ያንሱ፤ ከዚያም ገጹን እንደ ማንኛውም ጎብኚ በሊንክ ወደ እሱ በመሄድ ይክፈቱት። በዝርዝሩ ውስጥ የሲኤስኤስ ፋይሉን ሲጫኑ የመልሱ ሄደሮች ይታያሉ፤ የመጠን ዓምዱም ፋይሉ ከዲስክ ካሽ፣ ከሜሞሪ ካሽ ወይም ከኔትወርክ መምጣቱን ይነግርዎታል። ተርሚናል የለመደ ሰው ከርል በሚባለው ትእዛዝ ሄደሩን ብቻ ጠይቆ ያንኑ መረጃ ያገኛል።

ኮንትሮልና ኤፍ5ን አንድ ላይ መጫን ለእርስዎ ለሠሪው ይጠቅማል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ለአንድ ደንበኛ በስልክ ደውሎ «የብራውዘርህን ካሽ አጥፋ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ከቴሌግራም በተላከለት ሊንክ ገብቶ፣ በዚያው በቴሌግራም ውስጥ በተከፈተ ብራውዘር ገጹን ለሚያይ ሰው ግን ኮንትሮል የሚባል ቁልፍ ከየት ይመጣል? ገጹ ተበላሽቷል ብሎ ይዘጋዋል እንጂ አይደውልም።

ሁለት የተለመዱ መጥፎ መድኃኒቶች

የመጀመሪያው ካሽን ጨርሶ መከልከል ነው። ኖ-ስቶር የሚለው መመሪያ ብራውዘሩ ፋይሉን ፈጽሞ እንዳያስቀምጥ ያዝዛል፤ ችግሩም ይጠፋል። ነገር ግን 200 ኪሎባይት የሆነ ሲኤስኤስ ያለው ድረ ገጽ ላይ አሥር ገጽ የሚያገላብጥ ሰው፣ በአንድ ጊዜ 200 ኪሎባይት መጨረስ ሲገባው 2 ሜጋባይት ያህል ይከፍላል። ጎብኚዎቻችን ዳታ በጥቅል፣ በሜጋባይት ተቆጥሮ የሚገዙ ሰዎች ናቸው፤ የእኛን የአሠራር ጉድለት በእነሱ ኪስ መሸፈን ተገቢ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ኖ-ካሽ ከሚለው ጋር መምታታት የለበትም፤ ስሙ ቢያሳስትም ኖ-ካሽ ማለት «አስቀምጠው፣ ነገር ግን ከመጠቀምህ በፊት ሁልጊዜ ጠይቀኝ» ማለት ነው። ለአነስተኛ ድረ ገጽ፣ ሌላው ሁሉ ካልተቻለ፣ ኖ-ካሽ ጨዋ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው መጥፎ መድኃኒት መልካም መስሎ የሚታይ ነው። በሲኤስኤስ አድራሻው መጨረሻ ላይ የወቅቱን ሰዓት በሰከንድ የሚጨምር ኮድ በብዙ ድረ ገጾች ላይ አይቻለሁ። በየጊዜው ገጹ ሲከፈት አዲስ ቁጥር ስለሚፈጠር አድራሻው በየጊዜው አዲስ ይሆናል፤ ብራውዘሩም ፋይሉን በየጊዜው ያወርዳል። ውጤቱ ካሽን ከማጥፋት በምንም አይለይም፤ እንዲያውም ዳግም የማይፈለጉ ቅጂዎችን በጎብኚው ስልክ ላይ ስለሚከምር የባሰ ነው።

ይዘቱ ሲለወጥ ብቻ አድራሻውን መለወጥ

ትክክለኛው መንገድ፣ ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር አድራሻው እንዲለወጥ፣ ባልተለወጠ ጊዜ ደግሞ አድራሻው እንዲጸና ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርጉባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሁሉንም ሞክሬአቸዋለሁ፤ እንደ ሥራው መጠን ይመረጣሉ።

ቀላሉ በእጅ የሚጻፍ የሥሪት ቁጥር ነው። በገጹ ራስጌ ላይ ሲኤስኤሱን የሚጠራው ሊንክ ስታይል.ሲኤስኤስ የሚል ከነበረ፣ ስታይል.ሲኤስኤስ?ቪ=2 እንዲል ይደረጋል። ሰርቨሩ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ቸል ብሎ ያንኑ ፋይል ይልካል፤ ብራውዘሩ ግን አድራሻውን በሙሉ ስለሚያነጻጽር አዲስ ፋይል መስሎት ያወርደዋል። በእንግዳ ማረፊያው ድረ ገጽ ላይ ያን ቀን ጠዋት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ከአንዲት መስመር በላይ አልፈጀም። ብራውዘሩ የቁጥሩን ትልቅነትና ትንሽነት አይመዝንም፤ የሚያየው ያው መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን መጻፍ የሚመርጥ ሰው በእኛም አቆጣጠር ቢጽፍ፣ በፈረንጆቹም ቢጽፍ ልዩነት የለውም፤ ጳጉሜንም ብራውዘሩ አይከራከራትም። ወደ አንድ ጊዜ ያገለገለ ቁጥር መመለስ ግን አይገባም፤ በቪ=2 ስም የተቀመጠው ፋይል በአንዳንዱ ስልክ ላይ አሁንም ተኝቶ ይሆናልና። የዚህ መንገድ ጉድለት የታወቀ ነው፤ ቁጥሩን መለወጥ ይረሳል። ሲኤስኤሱን በሌሊት አስተካክሎ የሚተኛ ሰው በተለይ ይረሳዋል።

ሁለተኛው መንገድ ቁጥሩን ሰርቨሩ ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። በሰርቨር ላይ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ ፋይልኤምታይም የሚባል ፈንክሽን አለው፤ አንድ ፋይል መጨረሻ የተለወጠበትን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ይመልሳል። ይህን ቁጥር ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ካስገቡት፣ ፋይሉ ካልተነካ ቁጥሩ አይለወጥም፤ አዲስ ፋይል በተጫነበት ቅጽበት ግን አድራሻው በራሱ ይታደሳል። ፈንክሽኑ የሚፈልገው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ያለውን የፋይሉን መንገድ እንጂ በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረውን የድር አድራሻ አይደለም፤ የድር አድራሻ የተሰጠው እንደሆነ ጊዜውን ማንበብ አይችልም፤ የሥሪት ቁጥሩም ባዶ ሆኖ ይቀራል። የስሕተት መልእክት በተዘጋበት ሰርቨር ላይ ይህ በዝምታ ስለሚያልፍ፣ ኮዱን ካስገቡ በኋላ የገጹን ሶርስ ከፍተው ቁጥሩ በእርግጥ መታየቱን ያረጋግጡ።

በዎርድፕረስ የሚሠራ ሰው ሲኤስኤሱን በሊንክ መስመር በቀጥታ መጻፍ የለበትም፤ ደብሊውፒ ኤንኪው ስታይል በተባለው ፈንክሽን ማስገባት ይገባዋል። የዚህ ፈንክሽን አራተኛ ቦታ የሥሪት ቁጥር የሚሰጥበት ነው። ቦታው ካልተሞላ ዎርድፕረስ የራሱን የሥሪት ቁጥር ከአድራሻው ኋላ ያስገባል፤ ስለዚህ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ቁጥር ማየት ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ያ ቁጥር የሚለወጠው ዎርድፕረስ ሲታደስ እንጂ እርስዎ ሲኤስኤሱን ሲያስተካክሉ አይደለምና። በአራተኛው ቦታ ላይ የፋይልኤምታይምን ውጤት ያስገቡበት። ቻይልድ ቲም (ወላጅ ከሚባል ሌላ ቲም መልኩን የሚወርስ ቲም) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጌት ስታይልሺት ዳይሬክተሪ የቻይልዱን፣ ጌት ቴምፕሌት ዳይሬክተሪ ደግሞ የወላጁን ፎልደር መንገድ እንደሚመልሱ ያስታውሱ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው የማይነካ ፋይልን ሰዓት ሲለካ ይኖራል።

ሦስተኛውና እኔ ለትልልቅ ሥራዎች የምመርጠው መንገድ፣ የፋይሉ ስም ራሱ ከይዘቱ በተሰላ አሻራ እንዲሰየም ማድረግ ነው። ቪትና ዌብፓክን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ፋይሉን ሲያዘጋጁ ይዘቱን አስልተው ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች የያዘ ስም ይሰጡታል፤ እንደ አቀማመጣቸውም በገጹ ላይ ያለውን ሊንክ አብረው ማስተካከል ይችላሉ። በጃንጎ የሚሠሩ ሰዎች ማኒፌስት ስታቲክ ፋይልስ ስቶሬጅ በሚባለው አሠራር ያንኑ ያገኛሉ። ከሰዓቱ ይልቅ ይዘቱ መለኪያ በመሆኑ፣ ፋይሉ ሳይለወጥ ደግሞ ቢጫን ስሙ ያው ነው፤ ድረ ገጹ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ቢቀመጥም ስሙ አይለያይም፤ ለውጡን ሽረው ወደ ቀድሞው ቢመለሱም የቀድሞው ስም ከትክክለኛው የቀድሞ ይዘት ጋር ይመለሳል።

ለየፋይሉ የሚገባው ሄደር

አድራሻው በራሱ የሚታደስ ከሆነ፣ ለሲኤስኤሱ ማክስ-ኤጅን 31536000 ማድረግ ይቻላል፤ ኢሚዩተብል የሚለውን ቃል መጨመር ደግሞ ይህን መመሪያ የሚያውቁ ብራውዘሮች በሪፍሬሽ ጊዜ እንኳ እንዳይጠይቁ ያደርጋል። የኤችቲኤምኤል ገጹ ግን ኖ-ካሽ ሊባል ይገባዋል። አዲሱን አድራሻ ለብራውዘሩ የሚነግረው ገጹ ነውና፣ ገጹ ራሱ ለሳምንት ከተቀመጠ አዲሱ የሥሪት ቁጥር ለሳምንት አይታወቅም። በአፓቺ ሰርቨር ላይ ይህ የሚጻፈው በዶት ኤችቲአክሰስ ፋይል ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችን በምንከራየው የጋራ ሆስቲንግ ላይ ከሲፓነል ፋይል ማኔጀር ሊከፍቱት ይችላሉ፤ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካልታዘዘ ግን አይታይም። ኤንጂንኤክስ ይህን ፋይል አያነበውም፤ እዚያ መመሪያው በሰርቨሩ በራሱ ኮንፊገሬሽን ውስጥ ይገባል።

የአጫጫን ቅደም ተከተል

በዚህ ላይ ቸኩሎ መሥራት ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል። የሥሪት ቁጥሩን በእጅ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ገጹን፣ ቀጥሎ ሲኤስኤሱን ጫነ እንበል። በሁለቱ መካከል መብራት ጠፋ ወይም ኔትወርክ ተቋረጠ። በዚያች ክፍተት የገባ ጎብኚ ከአዲሱ ገጽ ላይ ቪ=5 የሚል አድራሻ አግኝቶ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ግን ገና አሮጌው ፋይል ነው፤ ብራውዘሩም አሮጌውን ይዘት በአዲሱ ስም ለአንድ ዓመት ያስቀምጠዋል። ሲኤስኤሱ ኋላ ቢጫንም ይህ ሰው አያገኘውም፤ ብቸኛው መውጫ ቁጥሩን ወደ 6 ማሳደግ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሲኤስኤሱ ቀድሞ ይጫን፤ ሙሉ በሙሉ መግባቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ገጹ ይለወጥ። እንዲህ ሲደረግም ለጥቂት ደቂቃ አሮጌ ገጽ ከአዲስ ሲኤስኤስ ጋር የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ ጉዳዩ ግን በዚያው ያልፋል፤ ገጹ ሲለወጥ ያ አድራሻ የሚጠራው ሰው አይኖርምና። በአሻራ የተሰየሙ ፋይሎች ላይ ይህ ስጋት አነስተኛ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። አሮጌዎቹን ግን በዚያው ዕለት አይሰርዟቸው፤ አሮጌውን ገጽ ገና ያልዘጋ ወይም በመካከል ባለ ካሽ በኩል የሚያይ ሰው ይኖራልና ለጥቂት ሳምንታት ይቆዩ።

ሁሉም ተስተካክሎ አሮጌው መልክ አልለቅ ሲል

ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው የገጽ ካሽ ፕለጊንን ነው። እነዚህ ፕለጊኖች የተዘጋጀውን ኤችቲኤምኤል በሰርቨሩ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ገጹ ውስጥ ያለው ሊንክ አሮጌውን ቁጥር እንደያዘ ይቆያል፤ ሲኤስኤሱን ከለወጡ በኋላ የፕለጊኑን ካሽ ማጽዳት የሥራው አካል ይሁን።

ቀጥሎ በሰርቨሩና በጎብኚው መካከል የሚቆሙ እንደ ክላውድፍሌር ያሉ አገልግሎቶች አሉ። ክላውድፍሌር የሲኤስኤስ ፋይሎችን ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ያስቀምጣል፤ በመደበኛ አቀማመጡ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ሲለወጥ እንደ ሌላ ፋይል ይቆጥረዋል። የጥያቄውን ክፍል ችላ እንዲል ተደርጎ ከተስተካከለ ግን ቪ=2ም ቪ=3ም ለእሱ አንድ ናቸው፤ ይህንን የማያውቅ ሰው ቁጥር ሲለውጥ ይውላል። በሥራ ላይ ሳሉ የልማት ሁነታውን ቢያበሩ ካሹ ለ3 ሰዓት ወደ ጎን ይተዋል። የአገልግሎቱን ካሽ ማጽዳት ግን በጎብኚዎች ስልክ ላይ ያለውን ቅጂ እንደማይነካ መታወቅ አለበት፤ ያንን የሚያሸንፈው የአድራሻው መለወጥ ብቻ ነው።

በሲኤስኤሱ ውስጥ በኢምፖርት የሚጠሩ ሌሎች ሲኤስኤስ ፋይሎችም አሉ። የዋናውን ቁጥር ቢለውጡ የውስጠኞቹ አድራሻ አይለወጥም፤ ዋናው አዲስ፣ የውስጡ አሮጌ ይሆናል። የጀርባ ምስሎችና የፊደል ፋይሎችም እንዲሁ ናቸው፤ የተቀየረ ሎጎ ከአዲስ ስም ጋር ይጫን። እኔ ኢምፖርትን ትቼ ፋይሎቹን በአንድ ማጠቃለልን እመርጣለሁ። ሰርቪስ ወርከር (በብራውዘሩ ውስጥ ከገጹ ጀርባ የሚሠራ ስክሪፕት) ያለበት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ፋይሎችን የሚያቀብለው ያ ስክሪፕት ሊሆን ስለሚችል፣ በውስጡ ያለው የካሽ ስምና የፋይል ዝርዝር አብሮ መታደስ ይኖርበታል።

የመጨረሻውን ምርመራ አሮጌውን ገጽ ቀድሞ በከፈተ መሣሪያ ላይ ያድርጉ። በስውር መስኮት መክፈት አይበቃም፤ እሱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ጎብኚ ነው የሚያየው። ለእንግዳ ማረፊያው ሥራ ለዚህ የተመቸኝ የባለቤቱ ስልክ ነበር፤ ካሹን እንዳላጠፋ ተጠንቅቄ፣ የሥሪት ቁጥሩን ከለወጥሁ በኋላ ሄጄ፣ ያንኑ የቴሌግራም ሊንክ በእሳቸው እጅ አስከፈትኋቸው። ማስያዣው በአዲሱ ቀለሙ ከዋጋው ሥር ቆሞ ነበር። በኤፍ12 ሳይሆን በዚያ ስልክ ማረጋገጥን ከዚያ ወዲህ ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ባለቤቱም «ዛሬ ደግሞ ምን ልትነካ መጣህ?» እያሉ ስልካቸውን ያቀብሉኛል።